ፊርማ አያስፈልግም

ለጋሽ ይመር ጓንጉል ኑዛዜያቸው የተነበበላቸው መጋቢት 3 ቀን 2084 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሳለ ነው። ድምፁ የመጣው እንደ ሁልጊዜው ከመስታወቱ ነበር። መጀመሪያ የአየሩን ነገር ተናገረ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም አለ፣ እስከ አራት ሰዓት ይገለጣል አለ። ቀጥሎ የደም ግፊታቸውን ነገራቸው። ከዚያ በዚያው ቃና «የፈቃድ ግምትዎ ታድሷል» አለና ማንበብ ጀመረ።

«አቶ ይመር ጓንጉል፣ ከሞቱ በኋላ፣ ደሴ ሸዋ በር የሚገኘውን ቤታቸውን ከነግቢው ለእህታቸው ልጅ ለአቶ ክሩቤል ታምሩ ይሰጣሉ። የግምቱ እርግጠኝነት ዘጠና አራት ከመቶ ነው። ይህ ሰነድ ሕጋዊ ነው። ፊርማ አያስፈልግም።»

ጋሽ ይመር መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«ማነው የሚሰጠው?» አሉ።

 መስታወት ይናገራል እንጂ አይጠየቅም።

ከግድግዳው ወዲያ የሐዋ ድምፅ መጣ። «ጋሼ! ከማን ጋር ነው በጠዋቱ የምትጨቃጨቀው?»

«ከመስታወት ጋር!»

«ተወው፣ አይሰማህም። ቁርስህ እየቀዘቀዘ ነው።»

ሐዋ አሊ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ፍራሽ ትሠራለች። ጥጥ ትነድፋለች፣ ጨርቅ ትሰፋለች፣ የተጎዳጎደውን አሮጌ ፍራሽ ፈትታ እንደገና ትሞላለች። ወደዚህ ግቢ የገባችው በሰባት ዓመቷ ሲሆን እናቷ የጋሽ ይመር ተከራይ ነበረች። ሁለት ዓመት እንደኖሩ እናትየዋ ታማ ሞተች። ከቀብር መልስ ጋሽ ይመር ልጅቷን እጇን ይዘው ወደ ራሳቸው ክፍል አስገቧት፤ ራት አበሏት፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት አደረሷት። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም ወረቀት አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልጻፉም። እንዲህ ሆነው አርባ ሦስት ዓመት ኖሩ። እሳቸው ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የስፌት ማሽን መካኒክነታቸው በጡረታ ከተገለሉ በኋላ ደግሞ ያበላቻቸውም፣ ያጠበቻቸውም፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰቻቸውም እሷው ናት። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ ግድግዳውን ይመታል፤ ወይም ይጮኻል።

ክሩቤል ያለው ሀዋሳ ነው። ዓርብ ዓርብ በአሥር ሰዓት ይደውላል። ማለትም ጠያቂው ይደውላል። በዚያ ዘመን ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉ ጠያቂ ነበረው። ጠያቂ የሚባለው ማሽን በባለቤቱ ድምፅ ለዘመድ አዝማድ እየደወለ «እንዴት ከረማችሁ» ይላል፣ ጉንፋን የያዘውን «ማር በሎሚ ውሰድ» ይላል፣ ለበዓል ሙክት ያስልካል። ጋሽ ይመር ለይተው ያውቁታል። የክሩቤል ድምፅ ሆኖ ሳል የሌለው ከሆነ ጠያቂው ነው፤ ክሩቤል ከልጅነቱ ጀምሮ ሳል አይለቀውም። ቢሆንም ያነሱለታል። ሦስት ጊዜ ስልክ ያላነሳ ሽማግሌ ቤት አምቡላንስ ይመጣበታል።

ሰው መፈረም የተወው በ2058 ነው። ከዚያ በፊት ፊርማ የሌለበት ኑዛዜ ተራ ወረቀት ነበር፤ ከአራት ገጽ አንዱ ላይ ሳይፈርም በቀረ አባት የተነሳ ልጆች ለሃያ ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱበት ጊዜ ነበር። ሐሰተኛ ፊርማ ነበር፤ አልጋ ላይ የተኛ ሰው እጁን እየያዙ ማስፈረም ነበር። አዋጁ ሲወጣ ሕዝቡ ወደደው። ሰው ምን እንደሚፈልግ ከአኗኗሩ ይታወቃል፣ ስለዚህ በመኖሩ ብቻ ፈርሟል ተባለ። ጋብቻው፣ ሽያጩ፣ ውርሱ ሁሉ በዚህ ግምት ሆነ። ወረፋ ጠፋ። ዳቦ ቤት የሚሄድ ሰው ዳቦው ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል።

ጋሽ ይመር ቁርሳቸውን ትተው ፒያሳ ወጡ።

*

የፈቃድ ግምት ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ ባለጉዳይ መቼ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ሁለተኛ ወንበር አስፈልጎ አያውቅም። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ኤልዳና የምትባል ሃያ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ሽማግሌውን በሩ ላይ ስታይ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ዛሬ እንደሚመጡ አልተነገረኝም።»

«ለእኔም አልተነገረኝም ልጄ። ሸሚዜን ስቆልፍ ነው የወሰንኩት።»

ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። ወንበሩን ሰጠቻቸው።

«ኑዛዜዬን ላስተካክል ነው የመጣሁት» አሉ።

«ግምትዎን ማለትዎ ነው።»

«የማን ነው ኑዛዜው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው እኔ ልናገራ።»

ኤልዳና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። ከአቶ ክሩቤል ታምሩ፦ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት ጥሪ፤ ሁሉም ተነስቷል። ስጦታ አርባ አንድ። «መልካም በዓል» ሰባ ስድስት። ከወይዘሮ ሐዋ አሊ፦ ጥሪ ዜሮ። መልእክት ዜሮ። ስጦታ ዜሮ። አብረው የተነሱት ፎቶ ዜሮ። ከታች በትንሹ «በአንድ ግቢ የሚኖር ሰው፤ ግንኙነት ያልታወቀ» ይላል።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ዜሮው ያው ዜሮ ነው።

«ልጄ፣ እናትሽ አለች?»

«አለች።»

«አንድ ቤት ናችሁ?»

«አዎ።»

«ከጓዳ ሆና ስትጠራሽ በስልክ ነው?»

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ራሷ መለሰችው። ከዚያ እንደ ትምህርት የተሸመደደ ነገር እንዲህ አለች፦ «ሰው ሲናገርና ሲፈርም ሊዋሽ፣ ሊገደድ፣ ሊሳሳት ይችላል። ሲኖር ግን አይዋሽም። ግምት በቃል አይሻርም፤ በአኗኗር ይሻሻላል።»

«እኔ ስኖር ደውዬላት አላውቅም፤ ሁልጊዜ አጠገቤ ነበረቻ። ይኼ ነው ጥፋቴ?»

«ጥፋት አላልንም አባባ። ከዛሬ ጀምረው በሳምንት አምስት ጊዜ ቢደውሉላት…» ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሄደ። «በአሥራ አንድ ዓመት ሊገለበጥ ይችላል።»

«ሐኪሙ የሰጠኝ እስከ ክረምት ነው።»

ኤልዳና ስክሪኑን አየች። «አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱም እዚህ አለ።»

*

ሐዋ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ተናደደች። ከዚያ የጥጥ መንደፊያዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔ ቤት ምን ያደርግልኛል ጋሼ? አንተ ዳንልኝ እንጂ።»

«የት ልትገቢ ነው?»

«መሬት ሰፊ ነው።»

«መሬት ሰፊ ነው! ይቺን ከማን ተማርሻት?» ቆጣ አሉ። «እንሞክረው፤ ስልክ እንደዋወል።»

ሞከሩት። ሐዋ ፍራሽ ልታደርስ ሰኞ ገበያ ሰፈር በወረደች ቁጥር እሳቸው ይደውላሉ።

«ሃሎ።»

«ሃሎ ጋሼ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፍራሽ እያወረድኩ።»

«እሺ።»

«እሺ።»

«ልዝጋው?»

«ገና አርባ ሰከንድ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይላል።»

«እና ምን ልበልሽ? ጠዋት ሁሉንም ነግሬሻለሁ እኮ።»

«በለው በቃ፣ እኔን ስደበኝ።»

«አንቺ ሰነፍ፣ አንቺ ፍራሽ ላይ የምታንቀላፊ፣ አንቺ ወጥ ውስጥ ጨው የማታውቂ…»

«ጨዋ አትሁን፣ ደህና አድርገህ ስደበኝ! ገና ስልሳ ሰከንድ ይቀረናል።»

በገበያው ያሉ ሰዎች ሐዋ ስልክ ይዛ ብቻዋን ስትንከተከት አዩ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መስታወቱ ከደም ግፊቱ ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ «በመጠያየቅዎ ላይ ድንገተኛ ለውጥ ታይቷል። ግምትዎ እንዳይዛባ ይህ ወቅት ከስሌት ውጭ ተደርጓል። እርግጠኝነት ዘጠና ስድስት ከመቶ።»

ጋሽ ይመር መስታወቱን ከግድግዳው ነቅለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ መቱ።

«ሐዊ! ወረቀት አምጪልኝ!»

«ምን ሊሆንህ?»

«ልጽፍ ነዋ። በገዛ እጄ እጽፋለሁ፣ በገዛ እጄ እፈርማለሁ።»

«አይቀበሉህም እኮ ጋሼ! የተፈረመ ነገር ዋጋ እንደሌለው አዋጁ…»

«አዋጁን እኔም ሰምቻለሁ። ስሚ፣ አንቺ ቤቱን ባትፈልጊም እኔ እፈልጋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የምፈልገውን የሚነግረኝ መስታወት ነው። አንዲት ነገር እንኳ ራሴ ሳልፈልግ ልሙት?»

ወረቀቱ ተገኘ። እስክሪብቶ ለማግኘት ግን ሦስት ቀን ፈጀ፤ በመጨረሻ ጎረቤታቸው እትዬ የዝና ከሣጥኗ ሥር አንድ አወጣች። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ሐዋ ጫፉን ሻማ ላይ አሞቀችው። ጋሽ ይመር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጻፉ። እጃቸው መጻፍ ከረሳ ብዙ ጊዜው ነበር፤ «ዛ» ፊደል ላይ ሲደርሱ ቆመው አሰቡ። የጻፉት ይህን ነው፦

«እኔ ይመር ጓንጉል፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ እጄ ይህን ጻፍኩ። ሸዋ በር ያለው ቤቴ ከነግቢው የሐዋ አሊ ነው። ልጄ ናት። ክሩቤልን አልጠላውም፤ አላውቀውም።»

ቀኑን ጻፉና ፈረሙ። ፊርማቸውን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

*

በድሮው ደንብ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና አራቱም ይፈርሙ ነበር። ጋሽ ይመር «ከፈረምኩ አይቀር በደንቡ ይሁን» አሉ። የሄዱት ወደ እድር ነው።

የሸዋ በሩ እድር በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ስም የሚጠራ ብቸኛ ማኅበር ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የተጠራው በገዛ አፉ «አለሁ» ይላል። ይህ ልማድ የተመለሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በደረሰ አንድ ነገር የተነሳ ነው። ከአባላቱ አንዱ ቤቱን ዘግቶ እንደሞተ ጠያቂው ስልኩን እያነሳ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅርታ» እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ለስብሰባው መልእክት ሲልክ ከርሞ ነበር። እድርተኛው ቀባሪ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ሳይቀብር ሦስት ዓመት ቆየ። ሰዉ በዚህ በጣም አፈረ።

«ይመር ጓንጉል።»

«አለሁ» አሉ ጋሽ ይመር፤ ግን አልተቀመጡም። ወረቀታቸውን አውጥተው አነበቡት። ሲጨርሱ «አራት ምስክር እፈልጋለሁ» አሉ።

የአዳራሹ ሰው እግሩን ማየት ጀመረ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ፀጉር አስተካካዩ ሙሄ ነበር፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የጋሽ ይመርን ፀጉር ለሃያ ዓመት ቆርጧል።

«ጋሼ፣ አላህ ያውቃል እወድዎታለሁ» አለ ሙሄ። «ግን ይቺን ከፈረምኩ "የማይተነበይ" እባላለሁ። ያውቁታል አይደል? የማይተነበይ ሰው የትም ሲሄድ ነገር አይዘጋጅለትም። ዳቦ ቤት እንኳ ስሄድ "ምን ፈለጉ?" ሊሉኝ ነው!»

«እና ምን አለበት ቢሉህ?»

«ምን እላቸዋለሁ ጋሼ?»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። እትዬ የዝና ከሴቶቹ ወገን ተነሳች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት መነሳቱ ራሱ ጊዜ ወሰደ።

«አምጡት ወዲህ» አለች። «እኔን እንግዲህ ምን ሊያዘጋጁልኝ ነው? ቀብሬን እንደሆን እናንተ ታዘጋጁታላችሁ። ሙሄ፣ ዘወር በል፣ ዳቦህን አስብ።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ፈረመች። ከእሷ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ብድግ አለ፤ «እኔ ከስም ጥሪ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ» ብሎ ፈረመ። ሦስተኛው ማንም ያልጠበቀው፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ የበግ ነጋዴ ነበር፤ አሁንም ሳይናገር ፈረመ። ሙሄ ይህን ሁሉ ተቀምጦ አየ።

«ፊርማ ግን ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለ በመጨረሻ። «ፈርሜ አላውቅም እኮ።»

ጋሽ ይመር ወረቀቱን ገፉለት። «ስምህን ጻፍና እንደማትወደው ሰው ጭረህበት እለፍ።»

ሙሄ ጻፈ፣ ጫረ። 

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ሄደ። የተጠቀለለ ነገር አልነበረም። ባንኮኒው «ምን ፈለጉ?» አለው። ሙሄ ሰው ከኋላው እየጠበቀ ሙሉ አምስት ደቂቃ ቆመ። ማታ ጋሽ ይመርን ሊጠይቅ ሲመጣ በር ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «ጋሼ! ሃያ ዓመት ቦምቦሊኖ ስበላ ኖሬ፣ ለካስ አልወደውም!»

*

ጋሽ ይመር ሰኔ 14 ቀን ሞቱ። ግምቱ ከሰጣቸው ቀን በስድስት ቀን ዘግይተው ነው። ሐዋ ይህን ለልቅሶ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ትነግር ነበር፤ «ከግምታቸው ስድስት ቀን አሳልፏል» ትላለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልእክት ደረሳት።

«ወይዘሮ ሐዋ አሊ ሐምሌ 5 ቀን ረፋድ ላይ ዕቃቸውን ጭነው ኮምቦልቻ ወደተገኘላቸው ክፍል ይሄዳሉ። እርግጠኝነት ዘጠና ሰባት ከመቶ። ፊርማ አያስፈልግም።»

ትእዛዝ አልነበረም። የነገን የአየር ሁኔታ እንደ መንገር ያለ ነገር ነበር። ሐዋ ደጋግማ አነበበችው። ያስፈራት ነገር፣ በልቧ ዕቃውን መደርደር መጀመሯን ማወቋ ነው። ትልቁን ድስት ከየትኛው ብርድ ልብስ ጋር እንደምትጠቀልለው አስባ ጨርሳ ነበር። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ እሷ ራሷ ናት ማለት ነው። ተነስታ ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደችው፣ የሚበስል ነገር ሳይኖር።

ረቡዕ ቀን ስልኳ ጮኸ። ክሩቤል የሚል ስም አየች፤ ዓርብ ግን አልነበረም።

«ሃሎ… እ… ሐዋ ነሽ?» አለና ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀችው።

«ነኝ። አንተስ ራስህ ነህ?»

«ራሴ ነኝ። ጠያቂዬ ልቅሶ ደርሶሽ ነበር አሉኝ።»

«ደርሷል። አርባ ደቂቃ አለቀሰ። በደንብ ነው ያለቀሰው።»

«እኔ አልሰማሁም ነበር» አለ ክሩቤል። «ትናንት ነው የነገሩኝ። ቤት ወርሰሃል፣ ትሸጠዋለህ አሉኝ። "መቼ አልኩ?" አልኳቸው። "የእርስዎ ግምት እንደዚያ ነው" አሉኝ።»

«አልፈልግም በላቸዋ።»

«ብያለሁ። "ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው፣ ያልፋል" አሉኝ። ስለ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሚ… ማለቴ፣ ያንን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሥራ ሁለት ዓመቴ እያለ ነው። በሩ አረንጓዴ አይደል?»

«ሰማያዊ ነው።»

«አየሽ። በሩን እንኳ አላውቀውም። ምን ላድርግ ሐዋ?»

«እኔ አላውቅልህም። የራሴን ግን ልንገርህ፤ አልወጣም።»

እንዲህ ብላ ለመናገር አስባ አልነበረም። ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። 

«አትውጪ» አለ። «እኔም እጽፋለሁ። እፈርማለሁ፣ አይቀበሉኝ። በአንድ ቀን ስንት "አይቀበሉኝም" እንደምልክላቸው ያያሉ።»

*

ሐምሌ 5 ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ሾፌር የሌለው የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። የኋላ መዝጊያውን ከፈተ። ጠበቀ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቶ ያያል፤ እትዬ የዝና ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች፤ ሙሄ ማበጠሪያውን ይዞ ከሱቁ ወጣ። ሐዋ ወገቧን ታጥቃ ደፉ ላይ ቆማ መኪናውን አየችው። አርባ ደቂቃ ተያዩ። ከዚያ መኪናው መዝጊያውን ዘጋና ባዶውን ቁልቁል ወረደ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ጠበቀ። ጠባቂ ይመጣል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ምናልባትም በሩ ራሱ ይቆለፋል ያለ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። ሐዋ ሥራ ፈትታ መቆም ስለማትችል መሰላሉን ከጓሮ አምጥታ በጋሽ ይመር ክፍል በኩል ጣሪያው ላይ አስደገፈችው። ያ ጥግ ያፈስ ነበር፤ አዲስ ቆርቆሮም ገዝታለታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኤልዳና መጣች። ብቻዋን በእግሯ ነው፤ ጫማዋ በጭቃ ሁለት እጥፍ ሆኗል፣ ፀጉሯ በዝናብ ተጣብቋል። ታብሌቷን በደረቷ አቅፋዋለች።

«እትዬ ሐዋ» አለች፣ «አልሄዱም።»

«አልሄድኩም።»

«መሄድ ነበረብዎት።»

«ማነው ያለው? እኔ አላልኩም።» ሐዋ ከጉያዋ ወረቀቱን አወጣች። «እነሆ፣ የጋሼ እጅ ይኼ ነው። የአራት ሰው ፊርማ ይኸውልሽ። አንብቢው።»

ኤልዳና ወረቀቱን በዝናቡ እንዳይረጥብ በጃኬቷ ከልላ አነበበች። «አላውቀውም» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። መልሳ ሰጠቻት።

«ይህ ዋጋ የለውም» አለች፤ እንደ ድሮዋ ግን አላለችውም። «ልክ ነው አልልም እትዬ። ሕጉ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ዋጋ የለውም እንበል። አሁን ማነው የሚያስወጣኝ?»

ልጅቷ ዙሪያውን አየች። ጎረቤቱ ሁሉ መልሷን እየጠበቀ ነበር።

«ማንም» አለች።

«ምን?»

«የሚያስወጣ ሰው የለንም። ጠዋት ለአለቃዬ ደወልኩ። እሱም ከእሱ በላይ ላሉት ደወለ። እንዲህ ያለ የሥራ መደብ የለም እትዬ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይለቃል የተባለ ሰው ሁሉ ለቋል። ሰው ሳይለቅ ሲቀር ምን እንደሚደረግ የሚል አንቀጽ ፈለግን፤ የለም። እኔን "ሄደሽ እይ" አሉኝ። መጥቼ ማየት ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ የዝና ናት። ከዚያ ሙሄ፣ ከዚያ በየበሩ ያለው ሁሉ። ሐዋ አልሳቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱ ሰው ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ በገዛ እግሩ እንደወጣ ታስብ ነበር።

«አሁን እንግዲህ ምን ሆነ ብዬ ልመለስ?» አለች ኤልዳና። «መልስ ሳልይዝ መመለስ አልችልም እኮ። ምን አየሁ ልበል?»

«ያየሽውን ነዋ። ወረቀት አላት በይ። ባለቤቱ የፈረመበት፣ ጎረቤቶቿ የፈረሙበት። አልወጣም አለች በይ።»

«ቅጹ እንዲህ ያለ መሙያ ቦታ የለውም።»

«ከሌለው ጥፋቱ የእኔ አይደለም።» ሐዋ መዶሻውን በሩ አጠገብ ካለው በርሜል ላይ አነሳች፣ ሚስማሮቹን በከንፈሯ ያዘች፣ ቆርቆሮውን በብብቷ ሸጎጠች። መሰላሉ ጭቃው ላይ ዘነበለ። በሚስማሮቹ መሃል «ነይ ይቺን ያዢልኝ» አለች።

ኤልዳና ታብሌቷን የት እንደምታደርገው አጣች። ደፉ ላይ አስቀምጣ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሐዋ ወጣች። በታብሌቱ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠብ ነበር፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። «ሸዋ በር፣ የአቶ ይመር ጓንጉል ቤት፦ ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ ሰው የለበትም» ይላል።

ሐዋ የመጀመሪያውን ሚስማር መታች። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ጩኸቱ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ሁለተኛውን ከአፏ አወጣች።